ያልፈተሽኳቸው ጆንያዎች

ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ለማንም አውርቼው አላውቅም። ባለቤቴ እንኳ የምታውቀው በፋብሪካው ውስጥ አንድ አደጋ እንደደረሰና አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን እንዳጡ ብቻ ነው። የቀረውን ዛሬ እናንተ ፊት እዘረግፈዋለሁ። ስትጨርሱ ምን እንደምትሉኝ አላውቅም፤ የምትሉኝን ግን ከአሁኑ እቀበላለሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በምሥራቁ ጦርነት አስር አለቃ ሆኜ የክፍላችንን ጥይት የምረከበውና የማድለው እኔ ነበርኩ። ቀኝ ጭኔን ፍንጣሪ መትቶኝ ስምንት ወር ሆስፒታል ተኝቼ ስወጣ "ለግንባር አይበቃም" ተባልኩና ወደ ሲቪል ሥራ ተዛወርኩ። የተመደብኩበት ቦታ ከኮተቤ አለፍ ብሎ፣ ካራ ከመድረሱ በፊት የነበረ የብረታ ብረት ማቅለጫ ነው። ቀድሞ የአንድ ግሪክ ነበር፤ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። የቧንቧ መክፈቻ፣ የበር ማጠፊያ፣ አንዳንዴም የመኪና ዕቃ እናወጣ ነበር። ነሐስ ከውጭ መግባቱ ከቀረ ወዲህ የምናቀልጠው ቀለህ ነው። ጥይት ሲተኮስ ከጠመንጃው ተስፈንጥሮ የሚወድቀውን ባዶ ቀፎ ማለቴ ነው።

ቀለህ ደግሞ ሞልቶ ነበር። ከየካ በላይ፣ በእንጦጦ ጋራ ጥግ ምልምሎች ተኩስ ይለማመዱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀበና ላይ የቆመ ሰው ሳይቀር ይሰማዋል። ወታደሮቹ የወደቀውን ለቅመው በጆንያ ይሞሉና አፉን ሰፍተው በመኪና ያመጡልናል።

የእኔ ሥራ ፍተሻ ነው። ጆንያው ይፈታል፤ ቀለሁ ሸራ ላይ ይዘረገፋል፤ አንድ በአንድ አነሳለሁ። አፉን አያለሁ፣ ቂጡን አያለሁ። አፉ ባዶ ከሆነ ቀለህ ነው። አፉ በእርሳስ እንደተደፈነ ከሆነ ግን ጥይት ነው፤ ወይ ከምልምሉ እጅ ያመለጠ፣ ወይ ተተኩሶ የከሸፈ። እሱን ለይቼ አሸዋ በተሞላ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ። በየሳምንቱ ወታደሮች መጥተው ወደ ጋራው ይመልሱትና እዚያ በሚያውቁት መንገድ ያስወግዱታል። ከዚያ "ተፈትሿል" የሚል ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። ያለዚያ ወረቀት አንዲት ፍሬ እሳት ውስጥ አትገባም። የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ዓይን ያደክማል፣ ወገብ ይቆርጣል። ግን ምልምል እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በአንድ ጆንያ ውስጥ ሁለትም ሦስትም ጥይት የማገኝበት ቀን ነበር።

አቅላጩ ጋሽ ቶሎሳ ይባላሉ። ቶሎሳ ጉርሙ። የካራ ሰው ናቸው። እስከ ጎልማሳነታቸው ድረስ ገበሬ ነበሩ፤ ከተማው እየገፋ መሬታቸውን ሲያሳንስባቸው ግሪኩ ዘንድ ከሰል አቅራቢ ሆነው ገቡና ሙያውን እዚያው ለመዱት። ነሐሱ መብሰሉን በቀለሙ ብቻ ያውቁታል። እኛ ቀይ ነው የምንለውን እሳቸው አራት አምስት ዓይነት አድርገው ይለዩት ነበር።

ጴንጤ ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር እሁድ እሁድ በየሰዉ ቤት ጥቂት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደሚጸልዩ ፋብሪካው ሁሉ ያውቃል። በስብሰባ ላይ "ከሁሉም በላይ አብዮቱ" ሲባል እንደ ሰዉ ሁሉ ግራ እጃቸውን ያነሳሉ፤ አፋቸው ግን አይንቀሳቀስም። ይህንን ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ፈለቀም አይቶታል።

እኔ ብቸኛ ነበርኩ። የጋሽ ቶሎሳ ባለቤት እትዬ ጫልቱ ምሳ ሲቋጥሩላቸው የእኔንም ጨምረው ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ ካራ ቤታቸው እሄዳለሁ። ባልና ሚስቱ ኦሮምኛ እያወሩ ይቆዩና እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። "ኢልመ ኮ" ይሉኝ ነበር እትዬ ጫልቱ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጅ አልወለዱም።

ጳጉሜ ገባ። የአብዮት በዓል ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ጓድ ፈለቀ ሰብስቦን ፋብሪካችን በሰልፉ ላይ አንድ ትልቅ የነሐስ ኮከብ ይዞ እንደሚወጣ ነገረን። ከላይ የመጣ ይሁን ከራሱ የፈለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ከጋራው መኪና መጣ፤ ሃያ ሁለት ጆንያ አራገፈ።

ፈለቀ ወደ እኔ መጣ። "ጓድ ታደሰ፣ ይህ እስከ ነገ ጠዋት ተፈትሾ ያልቃል።"

"አይደርስም" አልኩት። "በቀን አምስት ጆንያ ብፈትሽ ነው። ቢያንስ አራት ቀን ያስፈልገኛል።"

"አራት ቀን የለንም። ሰው ልስጥህ?"

"ያልለመደ ሰው ያልፈዋል። ጭቃ የለበሰ ጥይት ከቀለህ አይለይም።"

ፈለቀ ወደ እግሬ ተመለከተ። ቆጣ አላለም፤ እንዲያውም የሚያሳዝነኝ ድምፁ የወንድም ድምፅ መምሰሉ ነው። "እግርህ ተሽሎሃል አይደል?" አለኝ። "ሰሞኑን ስትራመድ አይሃለሁ። ሰሜን ጥይት የሚያውቅ ሰው ቸግሯቸዋል። እኔ ደግሞ እዚህ ያስፈልገናል እያልኩ ነው የማቆይህ።"

ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ያን ቀን ቀና ሳልል ሠራሁ። ምሳም አልበላሁም። ሲመሽ ስድስት ጆንያ ጨርሼ ነበር። በስድስቱ ውስጥ አምስት ጥይት አገኘሁ። አንባቢዎቼ፣ ይህንን ቁጥር ልብ በሉልኝ። አላወቅኩም ነበር ማለት እንዳልችል ያደረገኝ እሱ ነው። ስድስቱ አምስት ካወጡ፣ የቀሩት አሥራ ስድስት ምን እንደያዙ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ ፈለቀ ወረቀቱን ይዞ ሸራው አጠገብ ቆሟል። እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

"አሥራ ስድስት ቀርቶኛል" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ውስጡ ጥይት አይጠፋም።"

"ካለ ጋሽ ቶሎሳ ሲያስገባ ያየዋል። ዓይን አለው አይደል?" አለ። "ዛሬ ካልቀለጠ ነገ ቅርጹ ውስጥ አይፈስም። ነገ ካልፈሰሰ ኮከብ የለም። ኮከብ ከሌለ እኔም አንተም መልስ መስጠት አለብን። እኔ መልስ አለኝ። አንተ አለህ?"

ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። እንደ ሁልጊዜው የሚያምር ፊርማ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ከፈተሽኳቸው ስድስት ጆንያዎች ነበርና በሰላም ቀለጠ። ረፋዱ ላይ ጋሽ ቶሎሳ ከማቅለጫው ክፍል ወጡ። የቆዳ ሽርጣቸውን እንዳጠለቁ፣ በእጃቸው ቢላዋ ይዘዋል። የእሳት መከላከያ መነጽር አልነበራቸውም። መነጽር ይመጣል ከተባለ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

"ልጄ፣ የቀሩትን አይተሃቸዋል?"

"አይቻለሁ ጋሼ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

አልሄዱም። አንድ ነገር የምጨምር መስሏቸው ይሁን ምን፣ እዚያው ቆሙ። ዝናብ እያካፋ ነበር፤ ከሽርጣቸው ላይ እንፋሎት ይነሳል። እኔ ጎንበስ ብዬ ምንም የሌለበትን ሸራ ማጠፍ ጀመርኩ። ቀና ስል ገብተዋል።

ገብቼ ልከለክላቸው እችል ነበር። ከቆምኩበት እስከ ማቅለጫው አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በልቤ "ምናልባት ምንም የለበትም" እላለሁ፤ ወዲያው ትናንት ያገኘኋቸው አምስቱ ትዝ ይሉኛል። "ጋሼ አዋቂ ናቸው፣ ያዩታል" እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ በአካፋ እንደሚጨምሩት ትዝ ይለኛል። እንዲህ እያልኩ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ እንጃ።

መጀመሪያ የሰማሁት ትንሽ ድምፅ ነው። ፈንዲሻ ምጣድ ላይ ስትፈነዳ የምታሰማው ዓይነት። ሌላ ሰው ልብ አላለውም። እኔ አወቅኩት። "ጋሼ፣ ይራቁ" ብዬ ሮጥኩ፤ እግሬ ግን እንደ ሰው እግር አይሮጥም። በሩ ላይ ስደርስ ሦስት አራት ሆኖ ተከታትሎ ፈነዳ፤ የቀለጠው ነሐስ ከማቅለጫው ወደ ላይ ተረጨ። እሳቸው እላዩ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር።

አልጮኹም። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊታቸው አንስተው ሳይነኩት አየር ላይ አቆዩት። ከዚያ በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

በፒካፕ ጭነን ወደ ሆስፒታል ስንወስዳቸው ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ላምበረት ስንደርስ መኪናና ሰው መንገዱን ዘግቶት ቆምን። "ማነህ?" አሉኝ።

"ታደሰ ነኝ።"

እጄን ፈልገው ያዙኝ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አልለቀቁኝም።

ሁለቱም ዓይናቸው እንደጠፋ ሐኪሙ ያንኑ ዕለት ነገረን። ፋብሪካ ስመለስ የጋሽ ቶሎሳ የልብስ ሳጥን ተሰብሮ፣ በውስጡ የነበሩት መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር ደብተር ፈለቀ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፈለቀ አልደነገጠም፣ አልተጨነቀም። መልስ አለኝ ያለው ያን ነበር። መርማሪ ገና አንድ ቃል ሳይጽፍ እሱ ጽፎ ጨርሷል፤ ፈታሹ በሕጉ መሠረት ፈትሾ ፈርሟል፣ ከዚያ በኋላ ጥይት የጨመረው አብዮቱን የሚጠላው ጴንጤ ነው፤ በዓሉን ለማበላሸት፣ ኮከቡ እንዳይሠራ። "መስከረም ሦስት ጠዋት የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ቀርበህ ይህንኑ ታረጋግጣለህ" አለኝ።

የዘመን መለወጫ ዕለት ሆስፒታል ሄድኩ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ተቀምጦ ነበር፤ የሥራ ባልደረባ ነኝ ስለው አስገባኝ። ጋሽ ቶሎሳ ፊታቸው ከአፍንጫቸው በላይ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝተዋል። እትዬ ጫልቱ ለመድኃኒት ወጥተው ነበር።

"ጋሼ፣ ታደሰ ነኝ" አልኳቸው።

"ና ተቀመጥ" አሉ።

ተቀመጥኩ። "አልፈተሽኳቸውም" አልኩ። "አሥራ ስድስቱን ጆንያ አልፈታኋቸውም። ዋሽቼዎታለሁ።"

"አውቃለሁ።"

ቀና ብዬ ፋሻውን አየሁ።

"የወታደር ስፌታቸው እንዳለ ነበር" አሉ። "እኔ ነኝ በቢላዋ የቀደድኳቸው። አንተ ፈትተሃቸው ቢሆን ኖሮ በሲባጎ ታስራቸው ነበር። ሁልጊዜ በሲባጎ ነው የምታስረው።"

"ካወቁ ለምን አስገቡት? ለምንስ ጠየቁኝ?"

ራሳቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "አላየሁም እንድትለኝ ነዋ" አሉኝ። "አንተ አላየሁም ብትል እኔም እምቢ እል ነበር። ወረቀቱ ያንተ ነው፤ ፈታሹ አላየሁም ካለ ማንም አያስገድደኝም። ብቻዬን እምቢ ብል ግን ጴንጤ ስለሆነ ነው ይሉኛል። ባለፈው ስብሰባ ላይ ፈለቀ ስሜን ጠርቶ ሲያስጠነቅቀኝ ሰምተሃል። ፈራሁ። አንተም ፈርተህ ነበር። ሁለት ፈሪ ተገናኘን።"

ያለቀስኩ ይመስላችኋል። አላለቀስኩም።

"ከነገ ወዲያ ሊጠይቁኝ ነው" አልኳቸው።

"ነግረውኛል።" እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አገላበጡት። "አሁንም አላየሁም ማለት ትችላለህ። ዓይኔን አይመልስልኝም። ስሜን ግን ይመልስልኛል። ጫልቱ የአሻጥረኛ ሚስት ተብላ እንዳትኖር።"

"እናገራለሁ" አልኳቸው። "በእግዚአብሔር ስም፣ እናገራለሁ።"

"እግዚአብሔርን ተወው" አሉ። "አንተ ብቻ ተናገር።"

በበዓሉ ዕለት ሰልፍ ወጣን። ኮከቡ በመጨረሻው ሰዓት ከእንጨት ተሠርቶ የወርቅ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ሩቅ ለቆመ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ከፊት ከያዙት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ከቀበሌዎቹ በላይ ባለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ቀረብኩ። መርማሪው መቶ አለቃ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ሥራው የሰለቸው ሰው። ሻይ አስመጣልኝ። "አስር አለቃ፣ ቶሎ እንጨርስ" አለና ፈለቀ የጻፈውን አነበበልኝ። "ልክ ነው?"

"አይደለም" አልኩ።

ቀና አለ።

ሁሉንም ነገርኩት። የጆንያውን ቁጥር፣ የፈለቀን ንግግር፣ አምስቱን ጥይት፣ በሩ ላይ የተጠየቅኩትን። ስናገር ሰውነቴ ቀለለኝ። እውነት መናገር እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን እንደዚያ ፈራሁ ብዬ መገረሜ ትዝ ይለኛል።

መቶ አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ፈለቀ አዘዘኝ ነው የምትለው። በጽሑፍ ነው ያዘዘህ?"

"በቃል።"

"ምስክር?"

"የለም።"

"ይህ ፊርማ የማነው?"

"የእኔ።"

"እንግዲያው" አለ፣ ዓይኑን እያሸ፣ "ጥይት ያውቃል ተብሎ የተመደበ ወታደር እያወቀ ያልተፈተሸ ነገር እሳት ውስጥ አስገብቷል ማለት ነው። ሽማግሌው ደግሞ አውቆ ጨምሯል። ሁለት ሆናችሁ ማለት ነው። እሱን አይለቁትም፤ ፋይሉ ከእኔ በላይ ሄዷል። ያልከውን ብጽፈው የምትጨምረው ራስህን ብቻ ነው። አንድ ይሁን ወይስ ሁለት? እኔ የትኛውንም እጽፋለሁ።"

ይህንን ሲለኝ አልዛተም። እውነቱን ነው የነገረኝ፤ ዛሬም ድረስ የሚከብደኝ ያ ነው። ወጥመድ ቢሆን ኖሮ ወጥመድ ነበር ብዬ እጽናና ነበር።

"አንድ ይሁን" አልኩ።

ፈለቀ በጻፈው ላይ ስፈርም ሻዩ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ በኢኮኖሚያዊ አሻጥር ተከሰው አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ከሆስፒታል አልጋ ተነስተው በቀጥታ ወደ እስር ቤት ነው የሄዱት። እኔ ደግሞ ከጥቂት ወር በኋላ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ጆንያ የሚፈትሹ ሦስት ሰዎች ተቀጠሩ፤ ለአቅላጮቹም መነጽር መጣ።

አንድ እሁድ እትዬ ጫልቱ ሰው ልከው ካራ አስጠሩኝ። አንድ የታጠፈ ወረቀት ከመቀነታቸው አወጡ። የፍርዱ ግልባጭ ነበር። ፊደል አይቆጥሩም ነበር። "አንብብልኝ ልጄ" አሉኝ። "ቀበሌ ያሉት እየሳቁ የፍርዱን ዓመት ብቻ ነው የሚያነቡልኝ።"

አነበብኩላቸው። ክሱን አነበብኩ፣ የተገኘውን ማስረጃ አነበብኩ። "የፍተሻ ሠራተኛ የሆነው አስር አለቃ ታደሰ እንደመሰከረው" የሚለው ላይ ስደርስ "ምስክር እንዳረጋገጠው" ብዬ ቀጠልኩ። ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው በጥንቃቄ አጠፉት።

"ምስክሩ ማነው?" አሉኝ።

"ስሙ አልተጻፈም።"

"እግዜር ይይለት" አሉ። ከዚያ ምሳ አቀረቡልኝ። በላሁ።

ሁለት ዓመት አለፈ። መሠረተ ትምህርት ተስፋፍቶ በካራም ማታ ማታ አዋቂዎች ፊደል ይቆጥሩ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የፋብሪካው ዘበኛ "አንዲት ሴትዮ በር ላይ ይፈልጉሃል" አለኝ። እትዬ ጫልቱ ናቸው። ያችኑ ወረቀት ይዘዋል፤ በመታጠፊያዋ ላይ ልትበጠስ ደርሳለች።

ሰላምታዬን አልመለሱም። ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ማንበብ ጀመሩ። "ታ" አሉ። ቆዩ። "ደ" አሉ። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

"ይህ የእርስዎ ስም ነው?"

አንተ ይሉኝ ነበር። ልጄ ይሉኝ ነበር። ያን ቀን እርስዎ ሆንኩ።

"አዎ" አልኩ።

ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ሥራ ቦታዬ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ እንደወትሮው ሠራሁ።

ጋሽ ቶሎሳ አምስቱን ዓመት ጨርሰው ወጡ። መውጣታቸውን ሰምቼ አልሄድኩም። አንድ ጠዋት ላምበረት የአውቶቡስ ማቆሚያ ዕቃ ልቀበል ሄጄ አየኋቸው። በጣም ከስተዋል፤ እትዬ ጫልቱ ክንዳቸውን ይዘው በተሸካሚዎቹና በነጋዴዎቹ መሀል እየመሯቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። ልሸሽ አልቻልኩም፤ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። እትዬ ጫልቱ አዩኝ። ለአፍታ ቆም አሉ። "ጫልቱ፣ ምነው?" አሉ ጋሽ ቶሎሳ። እሳቸውም "ምንም፣ ጭቃ ነው" ብለው ባላቸውን በሌላኛው በኩል አዞሯቸው። በአንድ ክንድ ርቀት አለፉኝ። ሁለት ቃል ብናገር ድምፄን ያውቁት ነበር። ትንፋሼን ያዝኩ።

ደርግ ከመውደቁ በፊት እንደሞቱ ሰማሁ። ለቅሶ አልሄድኩም። እትዬ ጫልቱ አሁን በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ፈለቀም ሥርዓቱ ሲለወጥ ወደ ክፍለ ሀገር ገባ አሉ፤ አልፈለግኩትም። እሱን ባገኘው ምን እለዋለሁ? እሱ ያልፈረመውን ነው የፈረምኩት።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጽፍ ሰው መጨረሻ ላይ "ከዚያ ቀን ወዲህ ያላየሁትን አልፈረምኩም" ማለት አለበት። ብል ደስ ባለኝ። ፈርሜአለሁ። ሁለት ጊዜ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሰው ባልተጎዳበት ነገር። የተለወጠብኝ ሌላ ነው። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ የሚጠይቀውን ብቻ አልሰማም፤ ከጀርባው የተደበቀውን ፍርሃት ለመስማት እሞክራለሁ። የሥራ ባልደረባችሁ በር ላይ ቆሞ "እርግጠኛ ነህ?" ቢላችሁ፣ መልሱን ያውቀው ይሆናል። ብቻውን እምቢ ማለት ከብዶት እናንተን ሊደገፍ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጋሽ ቶሎሳ እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆመው የጠበቁኝ ለዚያ እንደነበር የገባኝ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

እኔን ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ሌላዋ ላምበረት ላይ መንገድ ቀይረው አለፉ፤ ልክ ናቸው። ስለዚህ እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለም። በዚያ ጠዋት መቶ አለቃው ፊት ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ያህል ጊዜ ተናግሬ መልሼ የዋጥኩትን ቃል ግን ዳግም እሰጣለሁ፤ ዘግይቶም ቢሆን ይመዝገብልኝ።

የካራው ቶሎሳ ጉርሙ አሻጥረኛ አልነበሩም። ጆንያዎቹን ያልፈተሽኩት እኔ ነኝ።